መልስ፦ ኮንክ ያን የሚያህል ቤተ ክርስቲያን ከየት አመጣች?

ወዳጄ፣ «ጥቂት መቶ ሰው የማይሞላት መንደር ያን ግዙፍ ቤተ ክርስቲያን ምን ያደርግላታል?» ብለህ ጠይቀሃል። መነሻው የተሰረቀ አጽም ነው።

ኮንክ ያለችው በደቡብ ፈረንሳይ፣ በአቬሮን፣ የኡሽና የዱርዱ ወንዞች በሚገናኙበት ገደላማ ቦታ ነው። ቤቶቹ ዳገቱ ላይ ተደራርበዋል፤ ሰፊ እርሻ አይታሰብም። ገዳም ግን ነበራት። በ866 ገደማ (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) አንድ መነኩሴዋ ከአዣን ከተማ የሰማዕቷን የሳንት ፏን አጽም በድብቅ ይዞ መጣ። ከዚያማ ምን ትጠይቀኛለህ! ወደ ስፔኑ ሳንቲያጎ፣ የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር አለበት ወደሚባለው ቦታ፣ የሚጓዝ ብዙ ምዕመን ጎራ ማለት ጀመረ፣ ገንዘቡም ተከተለ። አሁን የምታየው ሕንፃ የ11ኛውና የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው።

ከሄድክ ምዕራቡን በር ቀና ብለህ እየው። የፍርድ ቀን ተቀርጾበታል። ገሃነሙ ውስጥ አንድ ስስታም ከነገንዘብ ከረጢቱ ተሰቅሏል፣ አንድ ባላባት ፈረሰኛ ደግሞ ከፈረሱ ተዘርግፏል። እኔን ከገነቱ ይልቅ የሳበኝ ይሄኛው ነው።

በፈረንሳይ አብዮት ዘመን የመንደሩ ሰዎች የቤተ ክርስቲያኑን የወርቅ ቅርስ ደብቀው አተረፉት። መስኮቶቹ ግን የቅርብ ናቸው፤ ሰዓሊው ፒዬር ሱላዥ በ1994 የሠራቸው።