የመንገድ ውሃ ወዴት ይውረድ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ማሳዬ ደሴና ኮምቦልቻ መካከል፣ ሐረጎ ተራራ ላይ ከአስፋልቱ በታች ነው። ከመንገዱ ስር የሚወጣው ቱቦ ቦረቦር አወጣብኝ። አፉን በድንጋይ ልድፈነው?

ኧረ አይድፈኑት! ውሃው ተመልሶ የመንገዱን ሙሌት፣ ማለትም መንገዱ የተደለደለበትን አፈር፣ ያርሰዋል፤ ሙሌቱ ሲናድ ደግሞ የሚወርደው እርስዎ ማሳ ላይ ነው። ድሮ በዳገቱ ሁሉ ተበትኖ ይወርድ የነበረውን ጎርፍ አሁን የመንገዱ ቦይ ሰብስቦ በአንድ አፍ ይተፋዋል። ጉልበቱ እዚያው መሰበር አለበት። ከቱቦው መውጫ ስር ሰው ብቻውን የማያነሳው ድንጋይ ተጠላልፎ ይነጠፍ፤ ከዚያ በታች ክትር፣ ማለትም ቦረቦሩን አቋርጦ ውሃውን የሚገታ የድንጋይ ካብ፣ በየደረጃው ይሠራ። የክትሮቹ ርቀት በግምት አይሆንም፤ የታችኛው አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይዋል። ቦረቦሩ በ10 ሜትር 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነ ግማሽ ሜትር ቁመት ያላቸው ክትሮች በየ5 ሜትሩ ይገባሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት አናቱን ቀጥ አድርገው በመደርደር ነው። መሐሉ ዝቅ ካላለና ጫፎቹ ዳርና ዳር ካልተቀበሩ ውሃው ዞሮ ዳሩን ይበላል፤ ክትሩ መሐል ላይ ብቻውን ቆሞ ይቀራል።

ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ ነን። ዳገቱ ለመንገድ ከተቆረጠ ወዲህ ከበታቹ ያለው ምንጭ ቀነሰ፤ ቦዩ ግን ክረምት ከበጋ እርጥብ ነው።

መጀመሪያ የተሰበረ ቧንቧ አለመሆኑን ያጣሩ፤ የፈረቃ ውሃ ሲለቀቅ ብቻ የሚጨምር ከሆነ ቧንቧ ነው። ካልሆነ ቆረጣው ወደ ምንጩ ይሄድ የነበረውን የከርሰ ምድር ውሃ አግኝቶታል። የመኪና ዘይትና የጎማ ብናኝ ሳይቀላቀለው፣ ከቆረጣው ስር በጠጠር በተሞላ ቦይ ለብቻው ተይዞ በመንገዱ ስር ወደ ታች ይሻገር።

የግቢያችን ድጋፍ ግንብ ሆዱ ወጣ። ሲሚንቶ እንለስንበት?

ልስን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። የሚገፋው ከኋላው የታሰረ ውሃ ነው፤ ውሃው 2 ሜትር ከቆመ እግሩን በካሬ ሜትር 2 ቶን ያህል ይገፋዋል። እርጥብ ዋልካ አፈር ሲያብጥ ደግሞ ይብሳል። ሆዱ የወጣ ግንብ ፈርሶ ይሠራ፤ በየ2 ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ፣ ከኋላውም ጠጠር ይኑረው። እስከዚያ ልጆች ከስሩ አይጫወቱ።

ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ከመንገዱ ወዲህ ውሃ ተኝቷል፤ ወዲያ ማዶ ሳሩ ደረቀ።

መንገዱ ግድብ ሆኖባችኋል። በሜዳ ላይ ከአንድ ትልቅ ቱቦ ይልቅ ተራርቀው የተቀበሩ ብዙ ቱቦዎች ውሃውን እንደ ቀድሞው በትነው ያሻግሩታል። ወለላቸው ከነባሩ መሬት ጋር እኩል ይሁን፤ ከፍ ካለ ውሃው ይተኛል፣ ዝቅ ካለ ደለል ይሞላቸዋል። የሚቀበረው ቱቦ የአፉ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሰው ገብቶ አይጠርገውም፤ 90 ይሻላል፣ የሚያሳልፍበት አፉም ከእጥፍ በላይ ይሰፋል። ጠረጋው ከሰኔ በፊት ይለቅ።