ልግዛ ወይስ ልከራይ?

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ ሁሉ በባንክ ብድር ቤት ገዝተዋል። እኔ ተከራይ ነኝ፤ ቤቱም ሰፈሩም ተመችቶኛል። እነሱ ግን «ኪራይ የሰው ኪስ መሙላት ነው» እያሉ እንቅልፍ ነሱኝ። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ እህቴ፣ ገዢም እኮ የማይመለስ ገንዘብ ይከፍላል። በረጅም ጊዜ ብድር የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ለወለድ ነው የሚሄደው። ዋናው ዕዳ ብዙም አይነካም። ጣሪያው ሲያፈስም የሚደወልለት አከራይ የለም። የእኔ ቤት ቧንቧ የሚፈነዳው መቼም ደመወዝ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው ነው! ቢሆንም ግድግዳዬ ላይ ሚስማር ስመታ ማንንም አላስፈቅድም። «ቤቱን ልቀቂልኝ» ከሚል ስልክም ተገላግያለሁ። ይሄን በሂሳብ ማስላት አይቻልም። ሥራሽ በቅርቡ ሌላ ከተማ ሊወስድሽ ከቻለ ግን አትቸኩዪ፤ የመግዣና የመሸጫው ወጪ ትርፉን ሊበላው ይችላል። ለጓደኞችሽ ብለሽማ በፍጹም እንዳትገዢ።