ለመጸለይም እርዳታ ይለመናል?

ጥያቄ፦ መምህር ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጸሎት እጀምርና ሳይሰነብት እተወዋለሁ። አላርም ሞልቼ ሦስት አራት ቀን በደንብ እነሳለሁ፣ ከዛ አንድ ቀን ይደክመኝና ያቺ ቀን ሁሉንም ይዛው ትሄዳለች። አሁንማ እንደገና ለመጀመር ራሱ አፈርኩ። «በእግዚአብሔር ተደገፊ» ይሉኛል፣ እንዴት እንደሚደገፉ ግን የሚነግረኝ የለም።

መልስ፦ እህቴ ሰላምሽ ይብዛ። «አፈርኩ» ያልሽው ነገር ከድካሙ በላይ አሳዘነኝ፣ ምክንያቱም ድካም ሁላችንም ጋር አለ፣ ከጸሎት የሚያስቀረን ግን እፍረቱ ነው። አንቺ መጀመሪያ በራስሽ ጉልበት የምትጸልይ ሰው ሆነሽ ከዛ በፊቱ ልትቀርቢ ነው የፈለግሽው።

እስቲ ጴጥሮስን እይው። ያን ማታ «ሁሉም ቢሰናከሉ እኔ አልሰናከልም» ብሎ ፎክሮ ትንሽ ቆይቶ ጌቴሴማኒ ላይ አንድ ሰዓት መትጋት አቅቶት ተኛ፣ ጌታ ተመላልሶ ሲመጣ እነሱ እንቅልፍ ላይ ናቸው። ሉቃስ ደግሞ ከሐዘን የተነሳ ነው የተኙት ይላል፣ ይሄን ልብ በይው፣ ግዴለሽ ሆነው አይደለም። ጌታም «መንፈስ ተዘጋጅታለች ሥጋ ግን ደካማ ነው» አላቸው (ማቴ 26፥41)፣ ድካማቸውን ከነሱ በላይ ያውቀው ነበር። ይሄው ጴጥሮስ ከዕርገት በኋላ ከሌሎቹ ጋር ለጸሎት ሲተጋ ታገኚዋለሽ፣ መንፈስ ቅዱስን ጠብቁ ተብለው እየጠበቁ ማለት ነው፣ እና አንዲት የፉከራ ቃል እንኳ አልወጣውም! ከበዓለ ሃምሳ በኋላማ በዘጠኝ ሰዓት ለጸሎት ወደ መቅደስ ሲወጣ፣ በስድስት ሰዓት እየራበው ጣራ ላይ ሲጸልይ እናየዋለን (ሐዋ 3 እና 10)። ሰውየው ያው ነው እኮ፣ ረዳት አገኘ እንጂ።

«መንፈስ ድካማችንን ያግዛል፤ እንዴት እንድንጸልይ እንደሚገባን አናውቅምና» ይላል ሮሜ 8፥26። ጳውሎስ ራሱን ጨምሮ ነው «አናውቅም» ያለው። ደግሞ ማገዝ የሚለውን ቃል እይ፣ ከባድ ነገር ተሸክመሽ አንድ ሰው መጥቶ በወዲያ በኩል ሲይዝልሽ አገዘኝ ትያለሽ፣ ያንቺም እጅ አለበት። ስለዚህ መደገፍ ማለት ተኝቶ መጠበቅ አይደለም፣ ብቻሽን ለማንሳት መታገሉን ትተሽ «ያዝልኝ» ማለት ነው።

እኔ ራሴ እናቴ ታማ ሌሊት አጠገቧ ተቀምጬ ዳዊት ገልጬ ፊደሉ ይታየኛል አንድ መስመር ግን ማንበብ አልቻልኩም፣ መጽሐፉ ጭኔ ላይ እንደተከፈተ እጇን ይዤ «አቤቱ እርዳኝ» ብቻ እያልኩ ነጋ። ያኔ አልጸለይኩም ብዬ ነበር የማስበው፣ አሁን ግን በእድሜዬ ከጸለይኳቸው ሁሉ እውነተኛው እሱ ይመስለኛል።

እና እንዲህ አድርጊ። ስትነሺ ስለ ሌላ ነገር ከመለመንሽ በፊት ጸሎቱን ራሱን ለምኚው፣ ዳዊት በመዝሙር 50 (በሌላው ቁጥር 51) «አቤቱ ከንፈሮቼን ክፈት» እንዳለው፣ ከንፈር መክፈት እንኳ ከሱ ነው የሚጠበቀው። የራስሽ ቃል ካጣሽ አንድ መዝሙር ቀስ ብለሽ አንብቢ ይበቃል። አንድ ቀን ካመለጠሽ ደግሞ እንደ ውዝፍ እዳ ቆጥረሽ በማግስቱ እጥፍ ልክፈል አትበይ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው፣ ባስታወስሽበት ሰዓት እዛው በቆምሽበት «ጌታ ሆይ ተመለስኩ» በይው።

ለአንድ የምታምኚው ሰውም ንገሪና ይጸልይልሽ፣ እግዚአብሔር በሰውም ይረዳል። ጴጥሮስ እስር ቤት በሁለት ወታደሮች መካከል በሰንሰለት ታስሮ ተኝቶ ነበር እኮ፣ ያን ሌሊት ግን ቤተ ክርስቲያን ስለ እሱ አጥብቃ ትጸልይ ነበር (ሐዋ 12)።