የካሪቢያን ክሩዝ በየትኛው ወር? የአንባቢያን ጥያቄዎች

ልጆቻችን ትምህርት አልጀመሩም፤ በፈለግነው ወር መሄድ እንችላለን። መቼ ይሻለናል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ከታንክስጊቪንግ ሳምንት በኋላ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ሂዱ። የሃሪኬን ወቅት ኖቬምበር 30 ያበቃል፤ ባሕሩ ገና ሙቀቱን አልለቀቀም፤ የፈረንጆች ገና ሽሚያም አልጀመረም። ይህ ካልተመቻችሁ ከእኛ ገና እስከ ጥምቀት ያሉትን ቀናት እዩ፤ የአዲስ ዓመት ተጓዥ ስለሚመለስ ዋጋው ይወርዳል። ያኔ ግን ባሃማስን አልመክርም። ከሰሜን የሚወርደው ቅዝቃዜ ናሶ ድረስ ይደርሳል፤ ውሃውም 23 ወይም 24 ዲግሪ ስለሚሆን ሕፃናት ቶሎ ይበርዳቸዋል። ወደ አሩባ ወይም ባርቤዶስ ውረዱ።

የሴፕቴምበር ዋጋ በጣም ረክሶ አየሁ። ያሰጋል ወይ?

የረከሰው በምክንያት ነው። ሃሪኬን የሚጠነክረው ከ26 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውሃ ላይ ሲሆን፣ ባሕሩ ደግሞ በፈረንጆቹ በጋ ሙቀት ማብቂያ ላይ ነው በደንብ የሚግለው፤ ስለዚህ ወቅቱ የሚከርረው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው። ካፒቴኑ ወጀቡን ከቀናት በፊት አውቆ ስለሚሸሽ ለሕይወትዎ ብዙ አይስጉ። የሚበላሸው ዕቅድዎ ነው። ሴንት ቶማስ ደሴትን ብለው ከፍለው ሜክሲኮ ያለችው ኮዙሜል ሊወርዱ ይችላሉ፤ ውሉ ለኩባንያው ይህን መብት ይሰጠዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስልዎም የተዘለለው ወደብ ቀረጥ ብቻ ነው። መነሻው ወደብ ከተዘጋ መመለሻው ስለሚዘገይ ከሥራ ሁለት ትርፍ ቀን ይጠይቁ። ኢንሹራንሱን ቀብድ ሲከፍሉ አብረው ይግዙ፤ ወጀቡ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ለዚያ ወጀብ አይከፍልም።

አሩባ፣ ኩራሳዎና ቦኔር ከወጀቡ ዋና መንገድ በስተደቡብ ስለሆኑ በዚህ ወር የተሻሉ ናቸው። ቢሆንም አይዘናጉ፤ ቤሪል የተባለው ሃሪኬን ጁላይ 1 ቀን 2024 የመታት የግሬናዳዋ ካሪያኩ በኬክሮስ ከአሩባ ጋር እኩል ናት።

አውሮፕላን ስለምፈራ በፌብሩዋሪ ከባልቲሞር ልነሳ ነው።

ይቻላል፤ ግን የመጀመሪያው ቀን ተኩልና የመጨረሻው በካፖርት የሚያልፍ ነው። በኖርዝ ካሮላይና ዳርቻ በኬፕ ሃተራስ በኩል ክረምቱን ማዕበሉ ከባድ ስለሆነ ካቢንዎ ከታችኛው ፎቅ፣ ከመርከቡ መሃል ይሁን፤ ጫፍና ላይኛው ፎቅ በጣም ይወዛወዛል። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ሕመሙ ሳይጀምር፣ አንድ ሰዓት ያህል ቀድመው ይውሰዱ። የሰባት ሌሊት ጉዞ ከሆነ ሙቅ ቀን የሚያገኙት ሦስት ወይም አራት ብቻ ነውና ረዘም ያለውን ይምረጡ።

የምሄደው ለግራንድ ካይማን ስል ነው። የትኛው ወር ይሻላል?

ኤፕሪል መጨረሻ ወይም ሜይ። እዚያ መርከቡ ራቅ ብሎ መልሕቅ ይጥልና ተሳፋሪው በጀልባ ይሻገራል። በፈረንጆቹ ክረምት ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ ንፋስ ጆርጅታውን ባለችበት በኩል ማዕበል ሲያስነሳ ጀልባዎቹ ስለማይችሉ መርከቡ ደሴቷን ዘሎ ያልፋል። በሜይ ሳርጋሰም የሚባለው የባሕር አረም ወደ ምሥራቅ የሚያዩ ዳርቻዎችን ሊያለብስ ስለሚችል ለዋና በምዕራብ በኩል ያለውን ሰቨን ማይል ቢችን ይምረጡ።