ሚስ ባስኬትቦል የቁንጅና ውድድር ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ሲና መንገድ ዳር ቆሎ እሸጣለሁ። የመጀመሪያ ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፤ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ሰሞኑን አሜሪካ፣ ኢንዲያና የምትኖር የአክስቷ ልጅ ደውላ “እዚህ ለሁለተኛ ደረጃ ሴቶች ሚስ ባስኬትቦል የሚባል ሽልማት አለ፤ ከስቴቱ ሁሉ አንደኛዋ ትሸለማለች” አለቻት። ከዚያ ወዲህ ልጄ ሌላ ወሬ የላትም። አባቷ ደግሞ “ሚስ” የምትለዋን ሲሰማ “ልጄን ቁንጅና ውድድር አልልክም” ብሎ ቤቱን ቀወጠው። ነገሩ ምንድን ነው? ልጄስ ልታገኘው ትችላለች? ደግሞ አጭር ናት። እርስዎ ስፖርት አስተማሪ ነበሩ ሲሉ ሰምቼ ነው።
እናቷ፣ ከደብረ ሲና

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ባለቤትሽን እናረጋጋው። ቁንጅና የሚባል ነገር የለበትም። ለወንዶቹ “ሚስተር ባስኬትቦል” የሚባል ሽልማት ቀድሞ ስለነበረ ነው የሴቶቹ “ሚስ” የተባለው። ስሙ እኔንም አይጥመኝም። የሚታየው ግን ጨዋታዋ ነው።

ኢንዲያና ወንዶቹን መሸለም የጀመረችው በ1939 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሴቶቹን በ1976። አስቢው፣ 37 ዓመት! ሴቶቹ ኳስ ስላልቻሉ አይደለም። በስቴት ደረጃ የሚወዳደሩበት ይፋዊ ሻምፒዮና አልነበራቸውም። በ1972 አሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በጾታ እንዳያበላልጥ የሚያዝ ሕግ አወጣች። ከአራት ዓመት በኋላ የኢንዲያና ሴቶች ሻምፒዮናቸውን አገኙ። ሽልማቱም በዚያው ዓመት መጣ።

የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ጁዲ ዋረን ትባላለች። የምትጫወተው ዋርሶ የሚባል ከተማ ትምህርት ቤት ነበር (የፖላንዱ ዋርሶ አይደለም፣ እዚያው ኢንዲያና ነው)። ያን ዓመት ዋንጫውን የወሰደው የእሷ ቡድን ነው። አሁን ይቺን ለልጅሽ ንገሪያት፦ ጁዲ አጭር ነበረች። ኳሱን እያነጠረች ጨዋታውን የምትመራው እሷ ነበረች። ቀለበቱ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ነው፤ ለአጭርም ለረጅምም ያው ነው። ዝቅ ብላ ከምታነጥር ልጅ ላይ ኳስ መንጠቅ ግን ምን ያህል እንደሚያበሳጭ እኔ አውቀዋለሁ።

አሠራሩ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ኢንዲያና ውስጥ ሽልማቱ ለመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። አሰልጣኞችና የስፖርት ጋዜጠኞች ድምፅ ይሰጣሉ። የተመረጠችው ልጅ ከአጎራባቹ ከኬንታኪ ምርጦች ጋር በሚደረገው ጨዋታ 1 ቁጥር ማሊያ ትለብሳለች። ለእነሱ ያቺ ማሊያ ትልቅ ነገር ናት። በ1995 የለበሰችው ስቴፋኒ ዋይት በኋላ የባለሙያዎቹ ሊግ ውስጥ አሰልጣኝ ሆናለች።

ልጅሽ ታገኘዋለች ወይ? እቅጩን ልንገርሽ፣ አታገኘውም። ሽልማቱ እዚያው ስቴት ትምህርት ቤት ገብታ ለምትጫወት ልጅ ነው። ፎርም ሞልተው የሚያመለክቱበትም አይደለም። “ይህን ያህል ብር ላኪና እናስመዝግብልሽ” የሚል ቢደውልልሽ ስልኩን ጆሮው ላይ ዝጊበት።

እኔም አንድ ጊዜ ተሸልሜያለሁ። ደብረ ብርሃን ነው፣ ተማሪ ሳለሁ፣ በትምህርት ቤቶች ውድድር። ጠዋት ሜዳው ላይ አመዳይ ነበር። ኳሷ ብርድ ውስጥ ስላደረች አልነጥርም አለች። ብብታችን ውስጥ እየተቀባበልን አሞቅናት። ያቺን ኳስ ደግሞ የምንጫወትባት ከወንዶቹ ጋር በጋራ ነበር፤ 7 ቁጥር። የሴቶቹ 6 ቁጥር ነው፣ በዙሪያው ወደ ሦስት ሳንቲም ያንሳል። ያኔ ይህን ማን ነግሮን! እጄ የማይበቃ ይመስለኝ ነበር።

ብቻ አሸነፍን። ለወንዱ ኮከብ የስፖርት ጫማ ሰጡት። ለእኔ ፔርሙዝ። “ለትዳርሽ ይሆንሻል” ያለኝን ሰውዬ ድምፅ እስከዛሬ አልረሳሁትም። ፔርሙዙ ጥሩ ፔርሙዝ ነበር፣ አልዋሽም፤ እናቴ ስንት ዓመት ሻይ ያዘችበት።

የከነከነኝ ግን እሱ አይደለም። ከወራት በኋላ መምህር ልሁን ብዬ ሳመለክት “ስንት ጨዋታ ተጫወትሽ? ስንት ነጥብ አገባሽ?” ተባልኩ። ማን ያውቃል! ጨዋታዎቹ የተመዘገቡበትን ወረቀት ፍለጋ ሄድኩ። የለም። አንድ ቀን ገበያ ላይ የገዛሁትን ቆሎ ስፈታ፣ መጠቅለያው ላይ የእኛን ቡድን ስም አየሁ። ዘይት የነካው ግማሽ ገጽ። የእኔ ስም በነበረበት በኩል ተቀዷል።

ስለዚህ ሽልማቱን ተዪውና ደብተር ግዢላት። ባለመስመር፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው። በእያንዳንዱ ጨዋታ ቀኑ፣ ከማን ጋር እንደተጫወቱ፣ ያገባችው ነጥብ፣ ሪባውንድ (ተወርውሮ ሲሳት ነጥሮ ሲመለስ የያዘችው ኳስ)፣ ለጓደኛ ያቀበለችውና ጎል የሆነ ኳስ፣ ፋውል ይጻፍ። የሳተችውም ይጻፍ፤ የሳተችው የሌለበት ደብተር ማንም አያምነውም። ራሷ አትጽፈው። ታናሽ ወንድም ካላት እሱ ዳር ተቀምጦ ይጻፍ፣ መጨረሻ ላይ የስፖርት መምህሩ ይፈርምበት። የሌሎቹም ልጆች ስም ቢገባ ደስ ይለኛል፤ ጁዲም ብቻዋን አልተጫወተችም። ኢንዲያና ያሉት አሰልጣኞች ድምፅ ሲሰጡ በእጃቸው ያለው ይኸው ዓይነት መዝገብ ነው። ዞን ላይም ሆነ ክልል ላይ ተጫዋች የሚመርጥ ሰው ሲመጣ ልጅሽ የምታሳየው ነገር ይኖራታል።

ከቻልሽ ደግሞ 6 ቁጥር ኳስ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ፤ የቡድኑ ወላጆች ተዋጡበት።

በጣርማ በር ቁልቁል በወረድኩ ቁጥር ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሳልገዛ አላልፍም። ምናልባት ካንቺም ገዝቼ ይሆናል። አደራሽን፣ ከመጠቅለልሽ በፊት ወረቀቱን ገልበጥ አድርገሽ እዪው።