መልስ፦ ሃይ-ስኮር 807 የተባለው የአየር ጠመንጃ የማን ሥራ ነው?

ወንድሜ፣ «ሃይ-ስኮር 807 ይላል፣ ግን ጀርመን ሠራሽ ነው፤ የማን ነው?» ላልከው፦ ግራ አይግባህ። ሃይ-ስኮር አሜሪካ ውስጥ በራሱ ስም ይሸጥ የነበረ አስመጪ ነው። በእጅህ ያለው ጠመንጃ በትክክለኛ ስሙ ዲያና 27 ነው፤ ጀርመን ውስጥ ራሽታት ከተማ ያለው የማየር ኡንድ ግራመልሽፓኸር ፋብሪካ ሥራ። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ጽሑፍ ካለበት ከ1949 በኋላ የተሠራ ነው (በአውሮፓ አቆጣጠር)። ብረቱ ላይ ትንንሽ ቁጥሮችም ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ ወርና ዓመት ናቸው።

ግን ዲያና የሚል ሁሉ ጀርመን እንዳይመስልህ! ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፋብሪካው ማሽኖች ወደ ብሪታንያ ሄደው፣ ሚልብሮ የተባለ የስኮትላንድ ኩባንያ በዚሁ ስም ሲሠራ ኖሯል። ጀርመኖቹ እዚያ የሚሸጡት «ኦሪጅናል» ብለው ነበር። እኔም መጀመሪያ ላይ ተሸውጄበታለሁ።

ዝገቱን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው። ዘይት የነካ ጨርቅ ይበቃዋል።