ቪታሚኑን ተዉትና የበርሜሉን ክዳን ግዙ

ድሬ ላይ ትኩሳት ገባ በተባለ ቁጥር ውጭ ያለነው የድሬና የሐረር ልጆች የምናደርገው ነገር ያው ነው። የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ በድምፅ መልእክት ይጥለቀለቃል። አንዱ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ቀቅላችሁ ጠጡ ይላል። ሌላው «አቦ አትጨነቁ፣ የድሬ ሙቀት ራሱ ይጨርሰዋል» ይላል። ሦስተኛው ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አፈላልጎ አንድ ፌስታል ቪታሚን ያሲዛል። ከዚያ ሁላችንም የድርሻችንን የተወጣን ይመስለናል።

ከድሬ ከወጣሁ ብዙ ዓመቴ ነው። እንጀራዬን የምበላው ሰው አገር አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። ቫይረስ አንድ ቤት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ በቅርብ አይቻለሁ። አዲስ መጪውም ነባሩም በየክረምቱ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሳይ አንጀቴ ያርራል። ስለዚህ ዛሬ ወደ ድሬ ከመሄዳችን በፊትና ስንመለስ ስለምናደርገው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትንኝ ስለሚራባበት የውሃ በርሜል፣ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው።

1. ወረቀት

ፓስፖርታችሁ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው፣ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያችሁን እዩ፣ ከጉዞው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ የጉዞ ክሊኒክ ሂዱ። አለቀ።

2. «ሙቀቱ ይገድለዋል»

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ሲገኝ ብዙ ሰው በድሬ ሙቀት ተማምኖ ነበር። ቫይረሱ ግን የሚራባው ሰው አካል ውስጥ ነው። ድሬ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፍ ሥር ብትቀመጡም፣ በረዶ ውስጥ ብትቆሙም የሰውነታችሁ ሙቀት ያው ወደ 37 ዲግሪ ነው። የአየሩ ጠባይ የሚቀይረው አኗኗራችንን ነው። እኛ ያለንበት አገር ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ በብርድ ወራት የሚበረታው ሰው ሁሉ በር መስኮት ዘግቶ አንድ አየር ስለሚተነፍስ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ አየርም ቫይረሱን ስለሚያቆየው ነው። ድሬ ግን ግቢ ውስጥ፣ በር ላይ፣ በረንዳ ላይ ይኖራል። ጥቅሙ እሱ ነው እንጂ ፀሐዩ መድኃኒት ሆኖ አይደለም።

ትንኝ የምታስተላልፋቸው ቫይረሶች ላይ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል። የዴንጊና የቺኩንጉንያ ቫይረስ ሙቀት ይወዳል። ቢምቢዋ የታመመ ሰው ነክሳ ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው ለማድረስ፣ ዴንጊ ከሆነ፣ አየሩ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሲሆን ከ8 እስከ 12 ቀን ያህል ትፈልጋለች። ሞቅ ሲል ጊዜው ያጥራል። ከትንኟ እንቁላል የሚፈለፈለው እጭም ቶሎ ያድጋል። እና ያ የምንመካበት ሙቀት ለማን ነው የሚሠራው?

የሐረር ሰዎች ደግሞ «እኛ ደጋ ነን» ይላሉ። እውነት ነው፣ ሐረር ወደ 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። ቅዝቃዜው ነገሩን ያዘገየዋል፣ አይከለክለውም። ሰው ጠዋት ድሬ ታሞ በደንገጎ አቀበት ወጥቶ ከሰዓት ሐረር፣ ጁገል ግንብ ውስጥ ይተኛል። ሐረርም ብትሆን ስንት ዓመት ውሃ አጥሯት በበርሜል የኖረች ከተማ ናት። በርሜሉን አትርሱት፣ እመለስበታለሁ።

3. «ኢሚዩኒቲ»

ይህች ቃል፣ የሰውነት በሽታ የመከላከል አቅም ማለት ናት፣ በኮሮና ጊዜ ቤታችን ገባች፣ አልወጣችም። ዝንጅብል ለኢሚዩኒቲ፣ ፌጦ ለኢሚዩኒቲ፣ ዳማከሴ ለኢሚዩኒቲ፣ ከውጭ የሚላከው እንክብል ሁሉ ለኢሚዩኒቲ።

እኔም የታመመ ሰው ትኩስ ሻይ በዝንጅብል ሲጠጣ ደስ ይለኛል። ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ፈሳሽ ይተካል። ግን ቫይረስ እንዳይገባ የሚከለክል ምግብ የለም። ቪታሚን ሲ አዘውትሮ መዋጥ አብዛኛውን ሰው ከጉንፋን እንኳ እንደማያድነው ተጠንቶ የታወቀ ነው። ቪታሚን ኤ እና ዲ ደግሞ ሲበዙ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ። የበዛ ቪታሚን ኤ የነፍሰ ጡርን ፅንስ ይጎዳል። «ምን ይጎዳል፣ ቪታሚን እኮ ነው» አትበሉ።

ባለፈው ስሄድ ድሬ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር አንዲት ዘመዴ ቁም ሳጥኗን ከፈተችልኝ። ሁለት መደርደሪያ ሙሉ ጠርሙስ! የስዊድን ጽሑፍ ያለው፣ የአረብኛ ያለው፣ የካናዳ። ግማሹ ጊዜው አልፏል። አንዱ ማኅተሙ እንኳ አልተነካም። «ልጆቹ ይልካሉ፣ መጣል ደግሞ ነውር ሆነብኝ» አለችኝ። እሷ ስኳር አለባት። ጠዋት ቁርሷን የበላችው ዳቦ በጣም ጣፋጭ ሻይ ውስጥ እየነከረች ነበር። እንቁላል ሲወደድ ትታዋለች። የአንዷ ጠርሙስ ዋጋ ወደ ብር ሲመነዘር ለእሷ የሳምንታት እንቁላል ነው። እስቲ ይህንን አስቡት!

ምግብ ዋጋ የለውም አላልኩም። በጣም ዋጋ አለው፣ ግን በሌላ መንገድ ነው። በቂ ምግብ ያላገኘ ሕፃን ሌላው በቀላሉ የሚያልፈው ኩፍኝ ለሞት ያደርሰዋል። ስኳሩ ያልተስተካከለ ሽማግሌ በኮሮና ከሌላው ይልቅ ይጎዳል። ስለዚህ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም፣ ወተቱም ይግባ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት አይቋረጥ። ጫት ላይ የሚውለው ወንድማችሁ ምሳ ይብላ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ሌሊት ይተኛ። ሦስቱንም ጫት ነው የሚነጥቀው፣ እናንተ ደግሞ የምትልኩለት ቪታሚን ነው።

አሁን በተለይ የድሬ ልጆች ስሙኝ። «እዚያ ተወልጄ፣ የድሬ ውሃ ጠጥቼ ምን ይነካኛል» የምትሉ። ዴንጊ አራት ዓይነት ቫይረስ አለው። በአንዱ የታመመ ሰው ያንኑ ዓይነት ዕድሜ ልኩን ይከላከላል፣ ሌሎቹን ሦስት ግን አይከላከልም። እንዲያውም ሁለተኛ ጊዜ በሌላ ዓይነት ሲያዝ፣ የመጀመሪያው ጊዜ የተሠራው መከላከያ ቫይረሱን ሕዋስ ውስጥ ለመግባት ሊያግዘው ይችላል። ከባዱ ዴንጊ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው። በ2006 ዓ.ም መጀመሪያ ድሬ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በዴንጊ ሲታመም እዚያ የነበራችሁ ሰዎች፣ «አንዴ ይዞኛል» የሚለው መጽናኛ ሳይሆን መጠንቀቂያ ነው። ወባም ቢሆን፣ ቫይረስ ባይሆንም፣ ልጅ ሆናችሁ ያገኛችሁት አቅም ውጭ በኖራችሁ ቁጥር ይሟሽሻል።

በ2011 ዓ.ም ክረምት ቺኩንጉንያ ድሬን ሲያዳርስ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታሟል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንዷ ነበረች። በስልክ ነው የሰማኋት። ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ ተሳስሮ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ግድግዳ ይዛ ነበር የምትሄደው። የጀበናውን እጀታ መጨበጥ አቅቷት ቡና ትታ ነበር፣ እሷ! አጠገቧ አለመሆኔ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያን ጊዜ በየቤቱ ትኩሳት ሲነሳ የሚሮጠው ለማስታገሻ መርፌ ነበር። አደራ! ዴንጊ ሊሆን በሚችል ትኩሳት ላይ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን አይሰጥም፣ ደም ያስፈስሳል። ፓራሲታሞል በልኩ፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ኦአርኤስ፣ ሾርባ። አሞክሳሲሊንም ቫይረስ ላይ አይሠራም። ትኩሳቱ ሲበርድ «ተሻለኝ» ተብሎ አይዘናጋ። ከባዱ ዴንጊ የሚብሰው እዚያ ጋ ነው። ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ ደም፣ መፍዘዝ ከታየ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

4. በርሜሉ

የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው።

ዴንጊና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። ቤታችሁ ውስጥ፣ ንጹሕ የተጠራቀመ ውሃ ላይ ነው የምትራባው። ድሬ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ የሌለው ቤት የለም፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ ባልዲ፣ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን። ዝናቡ አጭር ነው፣ በርሜሉ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። እዚያው ገንደ ቆሬ ግቢ ውስጥ ያለውን በርሜል በስልኬ መብራት አየሁት። መጀመሪያ ውሃው ጥርት ያለ ይመስላል። ትንሽ ቆይታችሁ ስታዩ ክር የሚያክሉ ነገሮች እየተጠማዘዙ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ተመልሰው ለመተንፈስ ይወጣሉ። ያ ነው እጩ። ከእንቁላል ተነስቶ የሚበር ቢምቢ ለመሆን ሳምንት ወይም አሥር ቀን ይበቃዋል።

ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም። እንቁላሉ ከውሃው ከፍ ብሎ የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፣ ደርቆም ወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ውስጡ በብሩሽ ይፈተግ፣ በደንብ ይከደን። ክዳን ከሌለ ስስ ጨርቅ በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ይቻላል። የሮቶው መተንፈሻና ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቱቦ በወንፊት ይሸፈን። ጣሪያ ላይ የተወረወረ ጎማ፣ የአበባ ማሰሮ፣ ከኤሲው የሚንጠባጠበው ውሃ ሥር ያለች ጣሳ፣ ሁሉም ይታዩ።

አጎበር የሌሊት ነው ብላችሁም አትተዉ። ይህች ቢምቢ ቀን ነው የምትናከሰው፣ በተለይ ጠዋት ማለዳና ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል። ከሰዓት በርጫ ላይ፣ ጫት ሲቃም፣ ባዶ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው አመቻችቶላታል። ቀን የሚተኛ ሕፃን አጎበር ውስጥ ይተኛ። የታመመውም እንደዚያው፣ ምክንያቱም እሱን ነክሳ ነው ለቤተሰቡ የምታድለው።

እስካሁን ዘመዶቻችንን ነው የተናገርኩት። አሁን ወደ ራሳችን። ጅምር ቤት ያላችሁ! ድሬ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ፣ ከተማው ጫፍ ላይ፣ ሐረር አዲሱ ሰፈር፣ ግድግዳው ቆሞ ገንዘብ ያለቀበት የዲያስፖራ ቤት ስንት ነው? ግቢው ውስጥ ሲሚንቶ ለማጠጣት የተቆፈረ ገንዳ አለ፣ ክፍት በርሜል አለ። ዘበኛው አንድ ነው፣ ውሃውን የሚነካው የለም። ያ ውሃ የሰፈሩን ቢምቢ ያረባል። የጎረቤት ልጅ ሲታመም እኛ «አይ አገር ቤት፣ ንጽሕና የለም» እንላለን። ገንዳው የማን ሆነና?

በዚያ ላይ ከእስያ የመጣች፣ ስቴፈንሳይ የምትባል የወባ ትንኝ አለች። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው ቀብሪደሃር ነው፣ በፈረንጆቹ 2016። የተለመደችው የወባ ትንኝ ኩሬ ትፈልጋለች፣ ይህች ግን ከተማ ውስጥ፣ የውሃ ማጠራቀሚያና የግንባታ ገንዳ ውስጥ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም ድሬ ላይ በአምስት ወር ውስጥ ከ2,400 በላይ ሰው በወባ ሲያዝ አንዷ ተጠያቂ እሷ ነበረች። ክዳኑ ለሁለቱም ነው የሚሠራው።

ስለዚህ ዛሬ ለዘበኛችሁ ደውሉ። ገንዳው ይደፋ ወይም ይሸፈን፣ ፎቶ ያንሳላችሁ። በዚህ ወር ለቪታሚን ያሰባችሁትን ብር በሐዋላ ላኩና ለምን እንደሆነ ንገሯቸው፤ ለበርሜል ክዳን፣ ለመስኮት ወንፊት፣ ለቀን አጎበር፣ ለእንቁላል። «ሰላም ናችሁ? ተመስገን» ብላችሁ አትዝጉ። በርሜሉ መቼ ታጠበ ብላችሁ ጠይቁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትመጣ በር እንዲከፍቱላት ንገሩ፣ ብዙ ቤት «ሰው የለም» እየተባለች ነው የምትመለሰው። የድምፅ መልእክት መላክ የሚወደው አጎታችሁም ከፈለገ ይህንን ይላክ።

5. ስትመለሱ

ልጆቻችሁን ክረምት ላይ ይዛችሁ ስትሄዱ ዲት (DEET) የሚባል ንጥረ ነገር ያለበትን የትንኝ መከላከያ ቅባት ቀን ቀን ቀቧቸው፣ ረጅም እጅጌ አልብሷቸው። ሐኪም የወባ መከላከያ ክኒን ካዘዘላችሁ ከተመለሳችሁም በኋላ እስኪያልቅ ዋጡት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት ከመጣ ዴንጊም ቺኩንጉንያም ሊሆን ይችላል። ወባ ግን ከወራት በኋላም ብቅ ሊል ይችላል። ታዲያ ክሊኒክ ስትገቡ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። እዚህ ያለው ሐኪም ካልነገራችሁት ወባ አያስብም። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጣችሁ ድሬዳዋ እንደነበራችሁ፣ የሄዳችሁበትንና የተመለሳችሁበትን ቀን ንገሩት፣ የወባ የደም ምርመራም በዚያው ቀን ጠይቁ።